ገላጋይ የሌለበት ሜዳ

«ጋሼ፣ ማን አሸነፈ?» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ከሜዳ ወደ ቤት ይዤው ስመለስ። ነገርኩት። ሁለት መብራት ሳናልፍ ደግሞ ጠየቀኝ። በራችን ላይ ስንደርስ ለሦስተኛ ጊዜ። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነው፤ ጨዋታውንም እስከ መጨረሻው የተጫወተው ራሱ ነበር።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ አርብ ማታ የሃይስኩል ፉትቦል አለ፤ እግር ኳሱን ሳይሆን ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። የእህቴ ልጅ ከአንድ ግዙፍ ልጅ ጋር ራስ ለራስ ሲጋጭ ድምፁ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ልጃችን ተነስቶ ከተቃራኒው ቡድን ጋር ሊሰለፍ ሲሄድ ጓደኛው ክንዱን ይዞ መለሰው። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል። ኮንከሽን፣ ማለትም በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ፣ የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው እንዲወጣ የሚያዝ ሕግ አለ፤ ያን ማታ ግን ያስወጣው የለም።

እኛ ሰፈር ሁለት ሰው ሲያያዝ፣ ዳቦ ልትገዛ የወጣች እናት ነጠላዋን ጥላ መሃል ትገባለች። የማያውቅህ መንገደኛ «ኧረ በማርያም!» ብሎ ወገብህን ጨምቆ ይይዝሃል። እዚህ ገላጋዩም ትኬት ቆርጦ ተቀምጧል። እርግጥ እኛም ኳስ ሜዳ ላይ ራሱን ተመቶ የወደቀውን ውሃ አፍስሰንበት «አይዞህ፣ ግባ» እንል ነበር። አናውቅም ነበር። እነዚህ ግን ያውቃሉ።

«ሄልሜት አለው እኮ» ትለኛለች እህቴ። ወተት ሲናጥ ቅሉ ይሰበራል እንዴ? የሚናጠው ውስጡ ያለው ነው። አንጎልም እንደዚያው ነው። ደግሞ አንድ ትልቅ ምት ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ማንም ልብ የማይላቸው ግጭቶችም ለዓመታት ተጠራቅመው ይጎዳሉ።

ይህን ያጋለጠው ደግሞ አፍሪካዊ ወንድማችን ነው። የፒትስበርግ ስቲለርስ ፉትቦል ቡድን ተጫዋች የነበረው ማይክ ዌብስተር በ2002 (እ.ኤ.አ.) በ50 ዓመቱ ሲሞት አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነበር። ያገኘውን የአንጎል በሽታ፣ ሲቲኢ የሚሉትን፣ በ2005 ሲያሳትም የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉ የኤንኤፍኤል ሐኪሞች ጽሑፉ ይሰረዝ ብለው ተነሱበት። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ቤተሰብ ለምርምር ከሰጣቸው የ111 የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል ውስጥ በ110ሩ ላይ ይህንኑ አገኙ። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ሊጉ አንጎላቸው ለተጎዳ የቀድሞ ተጫዋቾች የሚከፍለው የካሳ ነገር ነው። የተጎዱት ሲመረመሩ፣ ጥቁሩ ተጫዋች ድሮውንም የማሰብ ችሎታው ዝቅ ያለ ነው በሚል ስሌት ይለካ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳቱን ማስረዳት ከነጩ ይልቅ ይከብደው ነበር። ሊጉ ይህን ስሌት አስቀራለሁ ያለው በ2021 ነው፤ ያውም ተከስሶ። ሳነበው የታየኝ የእህቴ ልጅ ነው።

እህቴ የምታስበው በፉትቦል የሚገኘውን የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ነው። ሁለት ሥራ እየሠራች የምታሳድግ እናት ናት፣ አልፈርድባትም። ማክሰኞ ልምምድ አለው። ሄልሜቱ ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ደውላ ጠይቃኛለች፣ አላመጣሁላትም።