ለክቡር ሊብሬ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከድሬዳዋ ፀሐይ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቪትዟም ደህና ናት፤ ሰላም ብላዎታለች።

ከተለያየን ሦስት ዓመት ሆነን። መኪናዋን በብድር ስገዛ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይንዎን አየሁ። ያኔም የባንኩ ልጅ ከእጄ ተቀብላ ካዝና ስታስገባዎ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ እርስዎ ኤሲ ውስጥ ነዎት። እኔና ቪትዟ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ሳቢያን እሳት እየታጠንን እንመላለሳለን። ወለዱን የምከፍል እኔ፣ ነፋስ የሚቀበሉ እርስዎ!

ለእኔ የቀረኝ ኮፒዎ ነው። ላሚኔት አስደርጌ ዳሽቦርድ ላይ አስቀመጥኩት፤ የት አገር እንደምኖር ረስቼ። ሚያዝያ ላይ ጠርዙ እንደ ሳምቡሳ ተጠቀለለ። ትራፊኩ አስቁሞ "ሊብሬ?" ሲለኝ ሳምቡሳውን እሰጠዋለሁ።

"ኦርጅናሉስ?"

"ባንክ ነው።"

"አቦ! ታዲያ ሹፌር ነኝ አትልም?"

ጎረቤቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ፈረንሳይኛውን ያንበለብሉታል። አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ስለ እርስዎ ሳማርር ሰምተው "ሊብር ማለት እኮ ነፃ ማለት ነው" አሉኝና እስኪያስላቸው ሳቁ። ነፃው ካዝና ውስጥ፣ ፋይላቸው ላይ ደግሞ "እገዳ" ተጽፎባቸው። ለነፃነትዎ እንኳን ደስ አለዎ።

የቦሎውን ነገር ግን በሳቅ አላልፈውም። መርማሪው ኮፈኑን አስከፍቶ ቤንዚን በነካው ጨርቅ የሻንሲ ቁጥሩን ፈተገ፣ ፈተገ። ከዚያ ኮፒዎን ወደ ብርሃን ዘረጋው።

"ይቺ 3 ናት 8?"

መኪናዋ ላይ 3 ናት። ኮፒው ላይ 8 ትመስላለች። ምናልባት የኮፒ ማሽኑ ቀለም ነው፣ ምናልባት ዝንብ ናት። "ኦርጅናሉን አምጣ" አለኝ። ኦርጅናሉን ለማየት ባንክ ሄድኩ። ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ። ከማመልከቻው ጋር ምን ይያያዛል? የሊብሬ ኮፒ! ዝንቧን አያይዤ አስገባሁ።

ባለፈው ወር የመጨረሻውን ክፍያ ከፈልኩ። ቤት ውስጥ ቡና ተፈላ፣ ባለቤቴ እልል አለች። በማግስቱ እርስዎን ልቀበል ብቅ ስል መጀመሪያ እገዳው ይነሳ ተባልኩ። ታርጋዋ አአ ስለሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ ነው፤ ደብዳቤ ይሄዳል፣ መልስ ይመጣል። እንግዲህ በ1895 ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የእኔም ደብዳቤ ያንኑ ሐዲድ ተከትሎ በእግሩ የሄደ ይመስለኛል። ትናንት ብጠይቅ "መንገድ ላይ ነው" አሉኝ።

እስከዚያው እንዳይበርድዎ ይጠንቀቁ። ኤሲው ሲበዛ ለወገብ አይሆንም ይላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ስሙ ሊብሬው ላይ ያለው ሰውዬ

ግልባጭ፦
ለኮፒ ቤቱ ልጅ፦ ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ 4 ቅጂ፣ ያለ ዝንብ።