እናቷን አይተህ ልጇን አግባ

የክርክሩ መነሻ ቺምፓንዚ ነበር። ቡና የምንጠጣበት ቤት ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ የዱር እንስሳት ያሳያል። አንዲት እናት ቺምፓንዚ ጭራሮ ኩይሳ ውስጥ ሰዳ ምስጥ እያወጣች ትበላለች። ልጇ አፍንጫው እጇን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ ያያል።

«ደም ነው» አሉ ጋሼ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማያውቁት ነገር የለም። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የተባለው ለምን ይመስላችኋል? ባሕርይ በደም ይወረሳላ!»

አጠገባቸው ያለችው የባዮሎጂ መምህርት ስኒዋን አስቀመጠች። «ደም ብቻ ቢሆንማ ጋሼ፣ ይሄን ሕፃን እዚያ ምን ጎለተው? ተነስቶ አይሠራም?»

ከዚያ ከሥሩ ጀመረችላቸው። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር፣ ጎምቤ የሚባል ደን አለ። እንግሊዛዊቷ የቺምፓንዚ ተመራማሪ ጄን ጉዳል እ.ኤ.አ. በ1960 ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ያሉ ቺምፓንዚዎች በየስማቸው እየተለዩ፣ እናትና ልጅ እግር በእግር እየተከተሉ ይጠናሉ። ልጅ አራት አምስት ዓመት ይጠባል። ጡት ከጣለም በኋላ ለዓመታት ከእናቱ ሥር አይጠፋም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዋና ሥራው ማየት ነው። ምን ይበላል? ማን ይፈራል? ለማን ዝቅ ይባላል? ልፊያ የት ላይ ሲደርስ ጠብ ይሆናል? ሴቶቹ ረጋ ብለው እናታቸውን ያያሉ። ወንዶቹ መንከባለል ይወዳሉ። ስለዚህ ምስጥ ማውጣቱን ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ይለምዱታል።

«ይኸው! ሴትና ወንድ በደም ይለያል ማለት ነው» አሉ ጋሼ፣ ከሰሙት ውስጥ የሚመቻቸውን መዝዘው። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ!»

«ወንዶቹስ?» አለ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን።

ወንድ የወለደች እናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሴት ከወለደችው ይልቅ ትልልቅ ወንዶች ያሉበትን ስብስብ ታዘወትራለች። ልጇ አድጎ የሚኖረው ከነሱ ጋር ነዋ። ገና ጀርባዋ ላይ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ ሰው ታስተዋውቀዋለች በሉት።

«እሺ፣ አስተማረችው እንበል። ጠመኔ ይዛለች?» ጋሼ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። መምህርቷ አልሳቀችም። ኮንጎ ሪፐብሊክ ውስጥ ጎዋሉጎ በሚባል ቦታ እናቶች የያዙትን ጭራሮ ለልጆቻቸው ሲሰጡ ታይተዋል። አንዳንዷ ለሁለት ሰንጥቃ አንዱን ለራሷ ታስቀራለች። ሰጥታ ባዶ እጇን የቀረችው ደግሞ የምትበላው ይቀንሳል። እኔ ይሄን ስሰማ ክርክሩ አልቋል ብዬ ነበር።

ጋሼ ግን ፓሺን የምትባለዋን ቺምፓንዚ ጎትተው አመጡ። ይቺ ጎምቤ የነበረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከልጇ ከፖም ጋር ሆና የሌሎችን ሕፃናት እየነጠቀች በልታለች። «አያችሁ? የክፉ ልጅ ክፉ! እናቷን አይተህ…» ጠረጴዛውን ሲመቱት ቡናው ፈሰሰ። ሊጠርግ የመጣውን ልጅ «አንተ ደንቆሮ፣ ቶሎ አትልም!» አሉት። ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው።

አሁን ይሄ ማስረጃ ነው? ፖም ደሙንም ከእናቷ ወሰደች፣ ያደገችውም እናቷን እያየች ነው። መለየት የሚቻለው አንዱ ሲጎድል ነው። ሜርሊን የሚባለው የጎምቤ ሕፃን ቺምፓንዚ ላይ የጎደለው እናት ነበረች። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ሞተችበት። ታላቅ እህቱ ሚፍ ወስዳ አሳደገችው። ደሙ ያው ነው። ነገር ግን ልጁ ተበላሸ። ትልልቆቹ ወንዶች ፀጉራቸውን አቁመው ቅርንጫፍ እየጎተቱ ሲሮጡ እኩዮቹ ይሸሻሉ፤ እሱ ወደነሱ ሄዶ ዱላ ይቀምሳል። ምስጥ የሚያወጣበት ጭራሮም አጭር፣ የማይረባ ሆነ።

«ሐዘን ነዋ!» አሉ ጋሼ። ለሁሉም መልስ አላቸው።

እናቷን አይተህ የተባለው እኮ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስታይ የኖረችውን አንተም አንዴ እየው ነው። ይሄ ለጋሼ አይገባም፤ ወይም እንዲገባቸው አይፈልጉም። ደም ከሆነ ማን ይጠየቃል? እሳቸው ብቻ ደግሞ አይደሉም። «የዘንድሮ ልጅ» እያለ የማያማርር ትልቅ ሰው አሳዩኝ። ስልክ ሲደወል «የለም በለው» ብለን ልጁን የምናስዋሸው እኛ። ሰልፍ ጥሰን ስንገባ እጃችንን ይዞ የቆመው እሱ። ወያላ ስንሰድብ፣ የቤት ሠራተኛ ስናመናጭቅ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ብር በወረቀት ጠቅልለን ስናቀብል ያያል። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄደን ግብረ ገብ አስተምሩልን እንላለን። መምህርቷ እንደነገረችን በቅርቡ አንድ አባት ልጁ ክፍል ውስጥ ተሳድቦ ተጠርቶ መጣ። ልጄ ከቤቱ ስድብ አያውቅም ብሎ ጮኸባት። ሲጮህ ያወረደባት ስድብ ልጁ የተሳደበው ራሱ ነው፤ አንድ ቃል አልተለወጠም።