ማስተካከያ፦ «ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» የማይከፈትበት ምክንያት
በዊንዶውስ 10 ላይ የተደበቁ የሲስተም ፎልደሮች እንዲታዩ ሲደረግ ብቅ የሚለው «ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» መግባት ተከልክሏል የሚል መልእክት ካመጣ፣ ባለቤትነቱን ወደ ራስ አዙሮ ለሁሉም ተጠቃሚ ሙሉ ፈቃድ መስጠት እንደሚያስፈልግ ቀደም ሲል መጻፌ ስህተት ነበር። ይህ በእርግጥ ፎልደር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ በተባለው የዊንዶውስ ስሪት የተጠቃሚዎች ፋይል ወደ «ዩዘርስ» ሲዛወር፣ የቀድሞውን አድራሻ የሚፈልጉ የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይደናገሩ የተተወ፣ ወደ «ዩዘርስ» የሚመራ ጠቋሚ ነው። ክልከላውም ብልሽት ሳይሆን (እኔም ብልሽት መስሎኝ ነበር) ሆን ተብሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ይዘቱን መዘርዘርን እንጂ በእሱ በኩል ማለፍን አያግድም። ይህ ክልከላ ከተነሳ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ ለምሳሌ ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን መረጃ በሚያስቀምጡበት «ሎካል» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለው «አፕሊኬሽን ዳታ» የተባለው ተመሳሳይ ጠቋሚ መልሶ ወደዚያው ወደ «ሎካል» ስለሚያመለክት፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ ፕሮግራም አንዱን ፋይል ደጋግሞ እየገለበጠ እዚያው ሊሽከረከር ይችላል። ፋይሉን የሚፈልግ ሰው በሲ ድራይቭ ላይ «ዩዘርስ»ን፣ ቀጥሎም በራሱ የተጠቃሚ ስም የተሰየመውን ፎልደር ይክፈት። ፈቃዱን አስቀድሞ የቀየረ ካለ፣ «ኤቭሪዋን» ለተባለው ቡድን ይዘት መዘርዘርን የሚከለክለውን መስመር በዚያው ጠቋሚ ላይ ብቻ ይመልስ። እንደዚሁ ተደብቆ መግባት የሚከለክለው «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» ግን የመመለሻ ነጥቦች (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ የሚያገለግሉ ቅጂዎች) የሚቀመጡበት እውነተኛ ፎልደር በመሆኑ ይህ ማስተካከያ አይመለከተውም።