ለሽንኩርት የቆመ አውቶቡስ

ባለፈው እሑድ ከዕቁብተኞቻችን ጋር ከባሕር ዳር ጎንደር ደርሶ መልስ ሄድን። ዓላማው ፋሲል ግቢን መጎብኘት ነው ተብሏል። ምን አየህ ብትሉኝ ግን መጀመሪያ የምነግራችሁ ስለ ቀይ ሽንኩርት ነው።

ወረታ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ፎገራ ነውና ሩዙም፣ ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃል። መግዛቱን አልቃወምም። ግን ገና እየሄድን እኮ ነው! «ስንመለስ ብንገዛስ?» አልኩ። «ስንመለስ ይወደዳል» አሉኝ እትዬ፣ የዕቁባችን ጸሐፊ። ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሊፈጠር እንደሆነ አልነገሩኝም። ወዲያው አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት እግሬ ሥር ገባ። አንዷ ለእህቷ ደወለች፤ እህቷ ለጎረቤቷም አስጨመረች። ከዚያ በኋላ እግሬን የት እንዳደረግኩት አላውቅም።

እንፍራዝ ስንቃረብ ኮረብታው ላይ ጉዛራ አለ። አጼ ሠርፀ ድንግል አሠሩት የሚባለው ቤተ መንግሥት ነው። እሳቸው የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነው። አጼ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ደግሞ በ1636። ጎንደር ገና ሳትታሰብ እዚያ ላይ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ የንጉሥ ቤት ነበር ማለት ነው። በመንገዱ ስንትና ስንት ሰው ያልፋል፤ ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

«አንድ ጊዜ አቁምልን» አልኩ።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለንም» አለ የዕቁቡ ዳኛ።

ለሽንኩርት የቆመ አውቶቡስ ለንጉሥ አልቆመም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ሁሌም ቦታ አገኝለታለሁ። ለጥድፊያ ሠርግ፣ በጥድፊያ ለተነጠፈ ኮብልስቶን፣ ለዕቁባችን ዳኛ።

«ጊዜ የለም» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ የቆየ ቂም አለብኝ። የባሕር ዳር ሰው ነኝ። እንግዳ ይመጣብኛል፤ ያውም በመጋቢት። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይዤው ጢስ ዓባይ እሄዳለሁ። ፏፏቴው ቀጥኗል። በጋ ነው፤ ከዚያም ላይ ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ይጠለፋል። «ነሐሴ ወይ መስከረም ላይ ና፤ ያኔ ጢሱን ታየዋለህ» እለዋለሁ። ጊዜ የለኝም ይላል። አዲስ አበባ ሲመለስ «ዓባይ የለም፣ ሸወደኝ» ብሎ ያወራል። ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ እንዴ?

ብቻ ጎንደር ደረስን። ሰባት ሄክታር ለሚሆን ግቢ አንድ ሰዓት እንኳ አልተሰጠንም። አስጎብኚው ጎበዝ ልጅ ነበር። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ እንደተጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ከአውሮፕላን የጣሉት ቦምብ እንዳገኘው እየነገረን ነው። ግማሹ ሰው ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ሰልፊ ላይ ነው። ይኼኔ አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። «ይኼን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው አይደል?»

እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። ፋሲል እኮ እ.ኤ.አ. በ1632 እንደነገሡ ብዙም ሳይቆዩ በፖርቱጋል በኩል የመጡትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው! ያባረሯቸው ሰዎች ተመልሰው ቤት ሠሩላቸው? የውጭ እጅ አልነካውም አልልም፤ የሕንድም የፖርቱጋልም አሻራ አለበት ይባላል። ግን ድንጋዩን ማን ጠረበው? ኖራውን ማን አቃጠለው? ማን ተሸከመው? የራስን ሥራ አውጥቶ ለሌላ መስጠት ትሕትና መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። አለማንበብ ነው። ሲያናድድ!

ይኼን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አዛውንቱ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ወደ አስጎብኚው ዞረው፣ «ልጄ፣ እዚህ ቲማቲም ስንት ነው?» አሉት።

የፋሲል መዋኛን በመስኮት አየን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጣራው በመላእክት ፊት የተሞላው ቤተ ክርስቲያን፣ «ለሌላ ጊዜ» ተባለ። ሳይመሽ መግባት አለብን። ስንመለስ ሽንኩርቱ ወረታ ላይ እንደ ጠዋቱ ዋጋ መሆኑን አረጋገጥን፤ ስለዚህ ተጨመረ። ዳኛው በድምፅ ማጉያ «ደስ ብሏችኋል?» አለ። አጨበጨብን።

ቀጣዩ ጉዞ ላሊበላ ነው። መዋጮ ተጀምሯል። ጋይንት ላይ ድንች ይረክሳል እየተባለ ነው። እኔ አልከፍልም። በሕዝብ ማመላለሻ እስከ እንፍራዝ ሄጄ ጉዛራን በእግሬ እወጣዋለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ካለ ይምጣ፤ ማዳበሪያ ግን አይያዝ።