ስህተት የሚነገርበት አዳራሽ

አበርዲን ውስጥ ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ የባለሙያዎች ስብሰባ ይደረጋል። አበርዲን የስኮትላንድ ከተማ ናት፤ ከሰሜን ባሕር በሚወጣው ነዳጅና ጋዝ የምትተዳደር። ስብሰባው ረጅም አይደለም። ሳንድዊች ይቀመሳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ አንድ ኢንጂነር ተነስቶ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ምን እንደተበላሸበት ነው። ቱቦው የት ላይ እንደተደፈነ፣ ቫልቩ ለምን አልዘጋም እንዳለ፣ ሥዕሉ ላይ ያላዩት ነገር ምን እንደነበር አንድ በአንድ ያስረዳል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ደግሞ በሚቀጥለው ጨረታ የሚወዳደሩት ኩባንያዎች ሠራተኞች ናቸው።

ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። "ይህ ሰውዬ ነገ ሥራ የለውም" ያሰኛል። ነገ ግን ሥራው ላይ ነው። እንዲያውም ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ከብቦ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሥራችን ከባሕር ወለል ላይ ነው። ቱቦ እንዘረጋለን፣ የነዳጅ ጉድጓድ አፍ ላይ የቫልቭ መዋቅር እንተክላለን፣ ኬብል እናወርዳለን፣ ያረጀውን እንፈትሻለን። ወደ ታች በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል። 1,000 ሜትር ላይ ጠላቂ ሰው አይላክም፤ ካሜራና ክንድ ያለው ሮቦት ነው የሚወርደው። አር.ኦ.ቪ. እንለዋለን። ከላይ ያለችው መርከብ በቀን የምትከራይበት ዋጋ ራስ ያዞራል። አንድ ብሎን ጠምዝዞ ማጥበቅ የሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱ ኩባንያ በውድ የተማረውን ሌላው እንደ አዲስ በውድ ቢማረው ማንም አይጠቀምም። ይህን ሁሉም ያውቃል።

እነዚህን መድረኮች የሚያዘጋጁ ማኅበራት አሉ። ሶሳይቲ ፎር አንደርወተር ቴክኖሎጂ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ የሙያ ማኅበር ነው፤ የማታ ስብሰባዎቹ የታወቁ ናቸው። ሰብሲ ኤክስፖ የሚባለው ትልቁ አውደ ርዕይ ደግሞ አበርዲን ውስጥ በፌብሩዋሪ ይካሄዳል። ባለ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ኩባንያም፣ ሁለት ሰው ሆነው አንድ ጋራዥ ውስጥ መሣሪያ የሠሩ ወጣቶችም እዚያ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኔ ግን ከትልቁ አውደ ርዕይ ይልቅ ትንሿን የማታ ስብሰባ እወዳለሁ። አውደ ርዕዩ ላይ ሁሉም የሚሸጠው ነገር አለው። የማታው ላይ ግን የሚያወራው ሰው እውነቱን ነው የሚያወራው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ካሉት ከሼትላንድ ደሴቶች በስተ ምዕራብ ፎይናቨን የሚባል የነዳጅ ማውጫ ነበር። እዚያ በ1990ዎቹ ባሕር ወለል ላይ የተቀመጠ ዕቃ ተሰነጠቀ። ብረቱ ተራ ብረት አልነበረም። ሱፐርዱፕሌክስ ይባላል፤ ጠንካራ ነው፣ ዝገት አይደፍረውም፣ ዋጋውም ውድ ነው። ታዲያ ምን ሰነጠቀው? ባሕር ውስጥ ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ የአሉሚኒየም ቅይጥ ይታሰርበታል። ቅይጡ በብረቱ ፋንታ ቀስ በቀስ እየተበላ ያልቃል፣ ብረቱ ይድናል። ግን በዚሁ ሂደት ብረቱ ገጽ ላይ ሃይድሮጅን ይፈጠራል። ሃይድሮጅኑ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ዕቃው ከባድ ጫና ተሸክሞ ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሊጠብቀው የታሰረበት ነገር ነው ለጉዳት ያጋለጠው።

ይህ ዓይነት ብልሽት በአንድ ኩባንያ ፋይል ውስጥ ተቆልፎ ሊቀር ይችል ነበር። አልቀረም። በየኮንፈረንሱ ቀረበ፣ ሌሎችም "እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር አይተናል" እያሉ ጨመሩበት፣ የብረት ተመራማሪዎች ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2008 ዲ.ኤን.ቪ. የተባለው የኖርዌይ ድርጅት ይህንኑ የሚመለከት የዲዛይን መመሪያ አወጣ። ዛሬ አንድ ጀማሪ ኢንጂነር ያንን መመሪያ ከፍቶ ሲሠራ፣ የሚጠቀመው ሌሎች አፍረው ባልደበቁት ውድቀት ነው። እኔም እንዲሁ።

ሰዎቹ ከእኛ የተሻለ ሥነ ምግባር ይዘው ስለተወለዱ አይደለም። በደም ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 ማታ ፓይፐር አልፋ የተባለው የሰሜን ባሕር የነዳጅ ማምረቻ ተቃጠለ። 167 ሰው ሞተ። ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፓምፕ ነበር። ቀን ላይ የፓምፑ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና ተነሥቷል። የማታዎቹ ተረኞች ይህን አላወቁም። ሌላኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ያኛውን አስነሡት፣ ጋዝ ፈሰሰ፣ ፈነዳ። መረጃው ማምረቻው ላይ ነበር። ወረቀቱም ነበር። ከቀን ተረኛ ወደ ማታ ተረኛ ግን አልተላለፈም። ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1990 ሪፖርቱን ሲያወጣ 106 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። አበርዲን ሐዝልሄድ ፓርክ ውስጥ የሟቾቹ ስም የተጻፈበት ሐውልት ቆሟል። እዚህ ከተማ ውስጥ "መረጃ ይተላለፍ" የሚለው ቃል ባዶ መፈክር የማይሆነው ለዚህ ነው። ጎረቤትህ አባቱን ያጣው በዚያች ሌሊት ሊሆን ይችላል።

ከዚያም ስህተት መናገርን ቀላል የሚያደርግ አሠራር ዘረጉ። የባሕር ላይ ኮንትራክተሮች ማኅበር፣ ኢምካ ይሉታል፣ ሴፍቲ ፍላሽ የሚባል አጭር ማስታወቂያ ያወጣል። ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ ምን ይደረግ የሚል ነው። የኩባንያው ስም የለበትም፣ የመርከቧም ስም የለበትም። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት መርከብ ላይ ያለው ቡድን ያነበዋል። ሌላ አገር ባሕር ላይ የአንድ ሰው ጣት በገመድ ተይዞ ከነበረ፣ እዚህ ያለው ልጅ ዛሬ ጠዋት እጁን የት እንደማያስገባ ያውቃል።

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ የእኔ ሙያ በቀጥታ የለም። (ኢንተርኔታችን ግን ከጅቡቲ ተነሥቶ በባሕር ወለል ኬብል እንደሚሄድ አንርሳ።) ግድብ፣ ዋሻ፣ መንገድ፣ የውኃ መስመር ግን አለን፤ ግዙፍ ግዙፍ ሥራ ነው የተሠራው። ስለዚህ ስሄድ የኢንጂነሮች ዎርክሾፕ ካለ ፈልጌ እገባለሁ።

መልኩ የታወቀ ነው። ባነር አለ። የክብር እንግዳው ይጠበቃሉ። ሲመጡ እንነሣለን፣ የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ "ለሌላ ስብሰባ" ብለው ይወጣሉ። ሰዓቱ ሄዷል። ከዚያ ጽሑፍ አቅራቢው ፕሮጀክቱ ምን ያህል እንደተጠናቀቀ በመቶኛ ይናገራል። "ያጋጠሙ ተግዳሮቶች" የሚል አንድ ስላይድ አለ፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የወሰን ማስከበር፣ የሲሚንቶ ዋጋ ይላል። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ግን ኮንክሪቱ ለምን እንደተሰነጠቀ አይነግሩህም። ጥያቄና መልስ "በሰዓት ጥበት ምክንያት" ያጥራል።

ሻይ ሰዓት ላይ ያው አቅራቢ ጥግ ይዞ፣ ስኒውን ጨብጦ፣ ሁሉንም ይነግርሃል። አፈሩ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ጥናቱ የቱ ጋ እንደሳተ፣ ሌሊት ሌሊት ሳይት ላይ እያደሩ እንዴት እንዳዳኑት። ስሰማ ያስደንቀኛል። ይህ ሰው ያለው ዕውቀት አበርዲን ቢቀርብ አዳራሽ ይሞላል። መድረኩ ላይ ግን አላወጣውም። ስጠይቀው መልሱ አጭር ነው፦ "እሱን እዚያ ብናገር ማን ያተርፈኛል?"

ይህን ፍርሃት አልነቅፈውም። መሠረት አለው። እኛ ዘንድ ጥፋት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ማነው?" ነው። በድሮ ጊዜ አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሌባ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም። ለከብት ስርቆት ጥሩ ዘዴ ሊሆን ይችላል። ለተሰነጠቀ ግድግዳ ግን አይሆንም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌባ የለም። ያልተቆፈረ የአፈር ናሙና አለ፣ በችኮላ የጸደቀ ሥዕል አለ፣ ከሳይት ወደ ቢሮ ያልደረሰ ስልክ አለ። አንድ ሰው ስታስር እነዚህ ሁሉ እንዳሉ ይቀራሉ፤ የሚቀጥለው ፕሮጀክት ላይም ይጠብቁሃል።

ፈረንጅም ይህን በቀላሉ አልተማረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ባይፎርድ ዶልፊን በተባለ የሰሜን ባሕር የቁፋሮ መድረክ ላይ ጠላቂዎች በከፍተኛ ግፊት ውስጥ የሚያርፉበት ክፍል ግፊቱን በቅጽበት አጥቶ አምስት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ጥፋቱን መቆለፊያውን በከፈተው ሠራተኛ ላይ ጣለው። እሱም ከሟቾቹ አንዱ ነበር፤ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ቤተሰቦቹና የቀድሞ ጠላቂዎች ለዓመታት ተሟገቱ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው መሣሪያው ራሱ ጉድለት እንደነበረበት፣ ግፊት እያለ እንዳይከፈት የሚያግድ መከላከያ እንዳልነበረው የታመነው። ይህን ታሪክ ለአገር ቤት ወዳጆቼ የምነግራቸው "እነሱም" ለማለት አይደለም። ሰው ላይ መጠቆም የትም አገር ቀላሉ መንገድ እንደሆነ እንድናውቅ ነው።

ስለ አበል ደግሞ ብዙ ይባላል። "ሰው የሚመጣው ለአበል ነው" ሲሉ እሰማለሁ። በእኔ እምነት ይህ ፍርድ ጨካኝ ነው። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለት ኢንጂነር አበል ቢፈልግ አይፈረድበትም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። አበል ያለበት ስብሰባ ላይ የሚላከውን ሰው አለቃው ይመርጣል። ስለዚህ ተራው የሚደርሰው ለቢሮ ሰው ነው። ፓምፑን በእጁ የሚነካው ቴክኒሺያን፣ ቁፋሮውን የመራው ፎርማን አይመጣም። አበርዲን የማታ ስብሰባ ላይ አር.ኦ.ቪ. የሚነዳው ልጅ ከዳይሬክተሩ አጠገብ ተቀምጦ "ሥዕላችሁ ላይ ያለውን እጀታ የሮቦቱ ክንድ አይደርስበትም" ይላል። ዳይሬክተሩም ማስታወሻ ይይዛል።

ኔትዎርኪንግ የሚባለው የሙያ ትውውቅም አለ። እዚህ የሚመጡ የእኛ ልጆች በጣም የሚቸገሩበት እሱ ላይ ነው። ማስተርሳቸውን በጥሩ ውጤት ጨርሰው፣ አዳራሽ ሲገቡ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ያሳደግናቸው እንዲህ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል፤ ራስህን አታሞግስ፤ ሰው ያመስግንህ። ማንን ታውቃለህ ሲባልም ዘመድ ማለት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ያሳፍራቸዋል። እኔ የምመክራቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ራሳችሁ አትናገሩ። ስለ ቀረበው ጽሑፍ አንድ የምር ጥያቄ ጠይቁ። "ያ ቱቦ ሲደፈን ግፊቱን ከሁለቱም ጎን ነው ያወረዳችሁት?" ብሎ የጠየቀ ልጅ ማንነቱን አስተዋውቋል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጠይቀው፤ ጋዝና ውኃ የሠሩትን የበረዶ ድፍን ከአንድ ወገን ብቻ ግፊት ካወረድክበት እንደ ጥይት ተስፈንጥሮ ቱቦውን ሊበሳው ይችላል።

እዚህ የጎደለውንም መናገር አለብኝ። የነዳጅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። አበርዲን ውስጥ ስንቱ ሥራውን አጣ። በየስብሰባው ካርዳቸውን የሚሰጡን ሰዎች በድንገት ጠፉ። የት ገቡ ብሎ ቤታቸው የሄደ ግን ብዙ አልነበረም። አገር ቤት ቢሆን አንድ ሰው ከሥራ ሲቀነስ የቢሮው ሰው ተሰባስቦ ይጠይቀዋል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ ሥራ ያፈላልግለታል። የእኛ ትውውቅ ሥራ ሲያልቅ አያልቅም። እዚህ የሚኖሩ የሙያ ማኅበራት ይህን ቢማሩ ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ምን ይደረግ ለሚሉኝ፣ ትልቅ ኮንፈረንስ አልመክርም። በወር አንድ ምሽት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ ያለ ባነር፣ ያለ አበል፣ ሃያ ሰው። ተናጋሪው የፕሮጀክቱንም የሰዎቹንም ስም እንዳይጠራ ቢፈቀድለት ይበቃል። ጡረታ የወጡ ኢንጂነሮች ይጀምሩት፤ ከእንግዲህ የሚያጡት ሹመት የለም፣ የሚያውቁት ደግሞ ብዙ ነው።

እኔ በግሌ ስለ ጊቤ 2 ዋሻ መስማት እፈልጋለሁ። ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው የሚያደርስ፣ 26 ኪሎ ሜትር ያህል የተቆፈረ ዋሻ ነው። ገና በቁፋሮው ጊዜ ጭቃ መቆፈሪያ ማሽኑን ወደ ኋላ ገፍቶታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2010 ተመርቆ ሳምንታት ሳይሞሉት አንድ ክፍሉ ተናደ፣ ከዚያም ተጠገነ። እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ኢንጂነሮች፣ ቀያሾች፣ የማሽን ኦፕሬተሮች ዛሬም አሉ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ውኃው፣ እንዴት እንደገቡና እንዴት እንደደገፉት ከአንደበታቸው ብሰማ አበርዲን ካለው የትኛውም ኤክስፖ አስበልጠዋለሁ። መምጣት የማልችል ከሆነ በዙም እገባለሁ። ስለ ሰሜን ባሕር የተሰነጠቁ ብረቶች የሚሰማ ካለም እኔ ተራዬን ለመያዝ ዝግጁ ነኝ።