ሳሎኔን በግማሽ የዘጋው ምንጣፍ

የሳሎኔ በር ከቅዳሜ ጀምሮ በግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው። ወፈር ያለ እንግዳ ከመጣ ጎኑን አስቀድሞ፣ ሆዱን ሰብስቦ ይገባል። በሩ አልተሰበረም፤ ማጠፊያውም ደህና ነው። ጥፋተኛው ከሥሩ የተነጠፈው ባለ ረጅም ፀጉር ምንጣፍ ነው። በሩ ምንጣፉን ተጭኖ ያልፋል ብዬ ስጠብቅ ምንጣፉ በሩን ያዘው።

መርካቶ ገብቼ «ለሳሎን ምንጣፍ ፈልጌ ነበር» ስል ሻጩ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሶፋው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ክፍሉ ስንት በስንት ነው አላለም። በሩ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው አላለም። ቤት ውስጥ ቡና ይፈላል ወይ፣ ሕፃን አለ ወይ፣ ምንም! ቡናማ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ቡናማ የሆነ ሁሉ ከነጥቅልሉ ይወርድልኝ ጀመር። ጫፉን ገለጥ ያደርጋል፤ ሙሉውን ዘርጋልኝ ስለው «ቦታ የለም» ብሎ ይገላምጠኛል። ጋቢ እንኳን ሲገዛ ጫፍና ጫፉ ተይዞ፣ ተዘርግቶ ታይቶ ነው!

«ሁለት በሦስት ነው» አለኝ በሙሉ ልብ፤ በካሬ አስልቶም የስድስት ካሬ ዋጋ ተቀበለኝ። ቤት ገብቼ ስለካው 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ90 ሆኖ ቁጭ አለ። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀትም 200 በ290 ይላል። የቱርኩ ፋብሪካ አልዋሸም፤ ዋሾው መንገድ ላይ የተጨመረው አሥር ሳንቲ ሜትር ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር ምን ያደርጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። የእኔ ሳሎን 3 ሜትር ከ20 በ4 ሜትር ከ10 የሆነች የኮንዶሚኒየም ሳሎን ናት፤ የሶፋው የፊት እግር የሚያርፈው በዚያችው አሥር ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር። አሁን አንዱ እግር ምንጣፍ ላይ፣ ሌላው ሴራሚክ ላይ ቆሞ፣ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ሶፋው ያነክሳል። ልመልሰው ብል ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተጽፏል። አዎ፣ ከመሄዴ በፊት ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ መጠኑን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም።

ይህ ሁሉ ግን ከከሰሉ አይብስም። ሰው ሠራሹ ክር፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው፣ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የከሰል ፍም ደግሞ ከዚያ እጅግ የጋለ ነው። እሁድ ዕለት፣ ምንጣፉ ገና አንድ ቀኑ፣ አክስቴ ቡና ሲያፈሉ አንዲት ፍንጣሪ ጠብ አለች። ጢስ የለ፣ ነበልባል የለ፤ አምስት ሳንቲም የምታህል ጥቁርና ጠንካራ ጉድጓድ ብቻ። አክስቴ ሳይደናገጡ «አይዞህ፣ ረከቦቱን እናስቀምጥበታለን» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ረከቦቱ ቋሚ ቦታ አግኝቷል። ከሥሩም ለጥንቃቄ ያን አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አንጥፈንበታል። ምንጣፉን ለመሸፈን ሌላ ምንጣፍ ገዛሁ ማለት ነው።

የሚያንገበግበኝ የደብረ ብርሃኑን የበግ ፀጉር ምንጣፍ ትቼው መምጣቴ ነው። ፍም ቢወድቅበት ይጠቁራል፣ ይገማል እንጂ እንደዚህ አይቀልጥም፤ የጠቆረውን ፈቅፈቅ ማድረግ ይቻላል። ቀለሙም የበጉ የራሱ ቡናማ፣ ከሶፋዬ ጋር እህትማማች! ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ለሳሎን አይሆንም፣ የገጠር ይመስላል» አለ። እኔም ሰማሁ።

እንግዳው በበኩሉ በራፍ ላይ ቆሞ «ጫማ ላውልቅ?» ይላል። አፌ «ኧረ በፍጹም፣ ግባ!» ይላል፤ ዓይኔ ግን ከጫማው አይነሳም። ፈንዲሻ ሲቀርብማ አልናገርም፤ በዚያ ረጅም ፀጉር ውስጥ የገባች ፈንዲሻ የምትገኘው ባዶ እግር ሲረግጣት ነው።

ነገ አናጺ ይመጣል፤ በሩን ነቅሎ ከሥሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊልገው። ቀጭን ነው ብለውኛል፤ በግማሽ በር ይገባል።