ሃይማኖት በደሞዝ ወረቀት ላይ

«ጀርመኖች ሃይማኖት የላቸውም» የሚል አበሻ ባጋጠመኝ ቁጥር የወዳጄን የደሞዝ ወረቀት ባሳየው ደስ ይለኛል። ከገቢ ግብሩ ሥር «የቤተ ክርስቲያን ግብር» የሚል መስመር አለ። ወዳጄ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው፤ ኮሎን ገብቶ ለነዋሪነት ሲመዘገብ ሃይማኖት የሚለው ቦታ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሞላ። ምን ይደብቃል? መንግሥትም ሳይውል ሳያድር ይቆርጥበት ጀመር። የሚቆረጠው የግብሩ 9 በመቶ ነው፤ የገቢ ግብርህ 400 ዩሮ ከሆነ 36 ዩሮ መሆኑ ነው። ከአሥራት ጋር ሲተያይ ኢምንት ናት። ግን አሥራትን ራስህ ቆጥረህ፣ በፖስታ አሽገህ፣ ሰው እያየህ ነው የምትሰጠው። ይኼኛውን ሒሳብ ክፍሉ ይጨርስልሃል። እኔ ኦርቶዶክስ ብዬ ስለሞላሁ አይቆረጥብኝም፤ ይህንንም በየወሩ አስታውሰዋለሁ።

ግብሩ እንዲቀርልህ ከአባልነት መውጣት ስትፈልግ ደግሞ ቄስ ዘንድ አይደለም የምትሄደው። ፍርድ ቤት ነው! አስተርጓሚ ሆኜ አብሬው ሄድኩ። «ጌታን አልካድኩም፣ የተጣላሁት ከቆራጩ ጋር ነው» እያለ መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር። ማን ጠይቆት? ሴትዮዋ ፓስፖርቱን አየች፣ አስፈረመችው፣ 30 ዩሮ ተቀበለች፣ ወረቀቱን ሰጠችው። እሱ ላብ በላብ ሆኖ ሳለ ቀጣዩን ተረኛ ጠራች። ለነገሩ እጇ ለምዶታል። የኮሎን የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በሕፃናት ላይ የደረሰውን ወሲባዊ ጥቃት በያዘበት መንገድ ሕዝቡ ተቆጥቶ፣ በነሱ አቆጣጠር በ2021 እና በ2022 ለመውጣት ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ወራት ያስጠብቅ ነበር። በ2022 ብቻ በመላ ጀርመን ከ520 ሺህ በላይ ካቶሊኮች ወጥተዋል።

እስቲ አገር ቤት አንዱ «ወጣሁ» ይበል። ቅጽ የለ፣ ማኅተም የለ። እናት ታለቅሳለች፣ የንስሐ አባት ይመጣሉ፣ አክስት ከክፍለ ሀገር ትደውላለች፣ ዕድርተኛው «ሲሞት የት ሊቀበር ነው?» ብሎ ሰውየው በቁሙ እያለ ይጨነቅለታል። 30 ዩሮዋ ትሻላለች።

ጎረቤቴ ያለችው አሮጊት ለገና ዋዜማ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አይቻት አላውቅም፤ ግብሩን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከፍላለች። በእግዚአብሔር ታምን እንደሆነ ብጠይቃት የባንክ ደብተሯን አሳዪኝ ያልኳት ያህል ፊቷ ቀላ። እኛ ዘንድ ታክሲ ውስጥ የተዋወቀህ ሰው ከስምህ ቀጥሎ የሚጠይቅህ እሱን ነው። በቀደም አዲስ አበባ ሄጄ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መስታወቱ በቅዱሳን ሥዕል ከመሸፈኑ የተነሳ ሾፌሩ መንገዱን በቀዳዳ ነበር የሚያየው። መዝሙሩን ለቆ ቁልቁለት ላይ ይደርባል። ረዳቱ ማተቡ ደረቱ ድረስ የወረደ ልጅ ነው፤ መልሴን ስጠይቀው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። 36 ዩሮዋ ተረፈችው፣ ደስ አለው። እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለኛም ደብዳቤ እስኪመጣ። እኛ ኦርቶዶክሶቹ እሑድ እሑድ የምንቀድስበት ሕንፃ የማን ይመስላችኋል? የፕሮቴስታንቶቹ ነው። ለዓመታት በነፃ ሊባል በሚችል ዋጋ ሰጥተውን፣ ከበሮውን ችለው፣ ዕጣኑን ችለው፣ ማሞቂያውን በዚያችው ግብር ሲከፍሉልን ኖረዋል። አሁን «አባላችን ቀንሷል፣ ሕንፃው ሊሸጥ ነው፣ ቦታ ፈልጉ» አሉን።

ኮሚቴው ተጠራ። የስብሰባው ግማሽ ያለፈው «ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ?» በሚለው ነው። «እነዚህ ሰዎች እምነት አልቆባቸው ነው» ብሎ አንዱ ብድግ አለ፤ የወር መዋጮውን ከፋሲካ ወዲህ አልከፈለም። ገንዘብ ያዡ ቀና ብሎ አየውና ዝም አለ። ያገኘነው አዳራሽ በሰዓት የሚከራይ ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይከፈትም፣ 6 ሰዓት ላይ ቁልፍ ይመለሳል፣ ከበሮ ክልክል ነው። ይህንን ለአባታችን ሄዶ የሚነግራቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።